የዳግማዊት ማግኔት

እኔ ሐምዳን እባላለሁ፤ የኩልመስክ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ስለ መምህርት ዳግማዊት ገብረመስቀል ገበያው ብዙ ያወራል። ግማሹ ጠንቋይ አደረጋት፣ ግማሹ ጻድቅ። እኔ ከንፈሯን የሰፋሁ፣ እጇን ያሰርኩ ሰው ስለሆንኩ ያየሁትን ልናገር። ያላየሁትን እሷ ነግራኛለች፤ እሷ ደግሞ ለራሷ አድልታ የምታወራ ሴት አይደለችም።

የተወለደችው ከላሊበላ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ካሉት የቀጥቃጮች ቤቶች በአንዱ ነው። አባቷ ገብረመስቀል ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ይገዛዋል፤ ቤቱ ገብቶ ውኃ ግን አይጠጣም። ቡዳ ነው ይሉታል። ልጆቹን ሲያዩ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር።

ዳግማዊት ሰባት ዓመት ሲሞላት የጎረቤት ሕፃን በትኩሳት ሞተ። «ገብረመስቀል አይቶት ነው» ተባለ። ከቀብር መልስ ዱላ የያዙ ወንዶች መጡ። ሁለቱ ገብረመስቀልን ጨብጠው ግራ እጁን ራሱ በሚቀጠቅጥበት መስፍ ላይ ዘረጉት፤ ሦስተኛው የራሱን የገብረመስቀልን መዶሻ አነሣ። አራት ጣቶቹን አደቀቁት። ዳግማዊት እየጮኸች አባቷ ላይ ስትጠመጠም ከውጭ የተወረወረ ድንጋይ ከቅንድቧ በላይ መታት። ጠባሳው ዛሬም አለ። የመታት ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ስሙን ግን ነግራኝ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ወናፉን የምትነፋው እሷ ሆነች። አባቷ በአንድ እጁ መዶሻ ይይዛል፣ ጉጠቱን እሷ ትይዝለታለች። ቤታቸው ውስጥ ከተሰበረ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት ነበር፤ መሬት ላይ የተበተነ ሚስማር ይለቅሙበታል። አንድ ቀን ከእሳት የወጣ ቀይ ብረት ላይ አስጠጋችው። አልያዘም። ብረቱ ሲቀዘቅዝ እንደገና ሞከረች፤ ጥብቅ አለ።

«አባዬ፣ ሲግል ለምን አይያዝም?»

«የጋለ ብረት ጌታውንም አያውቅም» አላት አባቷ።

የዚያን ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ፊዚክስ የተማረችው። በዲግሪ ጨርሳ ጥቂት ዓመት አስተማረች፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስትማር ደግሞ መምህሯ ለአምስት ወር ውጭ አገር ወደሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ ላኳት። እዚያ የምታጠናው ሆልሚየም ከሚባል ብርቅዬ ማዕድንና ከብረት የተዋሐደ ነገር ነበር፤ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጥ ብርማ ስባሪ። ስታስረዳኝ የታማሚ ካርድ ገልብጣ ሥላልኛለች። የብረቱ አተሞች እያንዳንዳቸው ትንሽ ማግኔት ናቸው፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን ያዞራሉ። የሆልሚየሙ ደግሞ ጀርባ ሰጥተው ወደ ተቃራኒው። ከውጭ ደካማ ማግኔት ቢያስጠጉባቸው እንደተቃረኑ አብረው ይዞራሉ እንጂ አይለያዩም። የውጩ መስክ በጣም ሲበረታ ግን፣ ኮምፓስን ከሚያዞረው ከምድር መስክ ሚሊዮን እጥፍ ሊደርስ ሲቃረብ፣ የተቃራኒነታቸው ማሰሪያ ይበጠሳል። ቀስ እያለ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ያንን ዝላይ ነበር የምትለካው፤ በስንት መስክ፣ በስንት ቅዝቃዜ እንደሚመጣ።

እንዲህ ያለ መስክ ቆሞ አይቆይም። ግድግዳ ሙሉ ኃይል ማጠራቀሚያ በአንድ ቅጽበት በመዳብ ጥቅል ውስጥ ይለቀቃል፤ ዓይን ሳይጠቀስ ያልቃል። ጥቅሉን የራሱ ጉልበት ወደ ውጭ ይገፋዋል። በአራተኛው ወር አንዱ ጥቅል አልቻለም። ሰው ከወፍራም ግንብ ጀርባ ነበርና አልተጎዳም፤ ክፍሉ ውስጥ ግን እንደ ቦምብ ፈነዳ። የብረቱ በር ሆዱ ተነፍቶ ወጣ። የመዳብ ስባሪ ኮርኒሱ ላይ ተሰካ፤ የስንዴ ፍሬዋ ዱቄት ሆነች። «ጆሮዬ ሦስት ቀን ጮኸ» አለችኝ። «ግን ከመፈንዳቱ በፊት ያለው ልኬት ተርፎ ነበር፤ ዝላዩ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሏል።»

እዚያው ቆይታ እንድትማር ጠይቀዋት ነበር። አባቷ ታመመና ተመለሰች፤ በሁለት ወሩ ቀበረችው። መንገዱም በጦርነት ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቶ እሷ ኩልመስክ መምህርት ሆና ቀረች። ከዚያ ቤተ ሙከራ ያመጣችው አንድ ነገር ነበር፤ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ሲሰናበታት የሰጣት የኒዮዲሚየምና የብረት ማግኔት። የጡጫዬን ግማሽ ያህላል። በጨርቅ በተሞላ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ክዳኑ ላይ «ብረት አታስጠጉ» ብላ በትልቁ ጽፋለች።

ታጣቂዎቹ ትምህርት ቤቱ የገቡት ማክሰኞ ጧት ነው። የየትኛው ወገን እንደነበሩ አልጠቅስም፤ እዚሁ ነው የምኖረው። ተማሪዎቹን በታትነው የቤተ ሙከራውን በር በእርግጫ ገነጠሉት። አለቃቸው ባምላክ ይባላል፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጠይም፣ ዝምተኛ ሰው። ከጎኑ ደሳለ የሚሉት የሙጃ ጎረምሳ አይለይም። ባምላክ ሣጥኑን አየው።

«ምንድን ነው ይህ? የመገናኛ ሬዲዮ ነው?»

«ማግኔት ነው» አለች ዳግማዊት። «እባክዎ፣ ጠመንጃዎን ሳያርቁ እንዳያወጡት።»

«ጠመንጃ አስቀምጥ ነው የምትይኝ?» አለና ከጨርቁ መዥርጦ አወጣው።

ማግኔቱ ከእጁ ጋር ዘለለ። ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው ጠመንጃ ላይ ሲጣበቅ የባምላክ መሐል ጣት በመካከል ነበር። ጫፉ እንደ በሰለ ቲማቲም ፈነዳ። ሰውዬው ጮኸ፤ ሊያላቅቅ ሲጎትት ባሰበት። ደሳለ ወጥመድ መሰለው። በጠመንጃው ሰደፍ አፏን አላት።

«የቡዳ ዘር! የቀጥቃጭ ልጅ እንደሆንሽ አላውቅም መሰለሽ?»

ወደቀች። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለሉ። ሊደግማት ሲል ባምላክ «ተዋት! ይህን አስለቅቁኝ!» ብሎ ጮኸበት። የሚያስለቅቅ አልነበረም። ደሟ እየፈሰሰ ተነሥታ የእንጨት ማስመሪያ አነሣች፤ በጠመንጃውና በማግኔቱ መካከል አስገብታ ወደ ጎን አንሸራተተችው። «አይጎተትም፤ ይንሸራተታል» አለች፤ አፏ ሙሉ ደም ስለነበር የሰማት የለም።

ሁለቱም እኔ ዘንድ መጡ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እሷ በዚህ ጫፍ እሱ በዚያ ጫፍ ተቀምጠው ተራ ጠበቁ። እሷን አስቀደምኩ። ከንፈሯን ስሰፋ ባምላክ ሲያይ ቆየና «ልጁ ቸኩሎ ነው» አለ። ይቅርታ አልነበረም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ውጊያው ከተማው ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከኮረብታው ማዶ ተሰማ፤ ከዚያ የጤና ጣቢያው መስኮቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ረገፉ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ተመታ። አንዲት ማሽላ ሻጭ ሴት እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆርጦ በተነቀለ በር ላይ ተጭና መጣችልኝ፤ ዓይኔ እያየ ሞተች። ወለሉ ከደሙ የተነሣ ያንሸራትት ነበር። ዳግማዊት ፊቷ አብጦ፣ ውኃ በጀሪካን እየተሸከመች ቁስለኛ ስታጥብ አየኋት፤ መቼ እንደገባች አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ግድም ባምላክንና ደሳለን አመጧቸው። ባምላክ ቀኝ ዓይኑ ላይ የብረት ስንጣሪ ገብቷል፤ የግማሽ ስንዴ ፍሬ ያህል፣ ከጥቁሩ ጠርዝ ላይ ጫፉ ይታያል። ደሳለ ሆዱን በጥይት ተመቷል፤ ጥይቱ አልወጣም። ወደ ወልዲያም ወደ ላሊበላም መንገድ የለም። ስንጣሪውን በወረንጦ ልይዝ ብሞክር ይንሸራተትና ወደ ውስጥ ይገባል። ዓይኑ ውስጥ ከቆየ ደግሞ ዓይኑ ይጠፋል፤ ሌላኛውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ወጣት ሳለሁ አንድ ዓይን ሐኪም በማግኔት ብረት ሲያወጡ አይቻለሁ። ዳግማዊትን ወደ ጓሮ ጠራኋት።

«ማግኔቱ አለ?»

«አለ። ለማን ነው?»

በተሰበረው መስኮት በኩል ባምላክን በአገጬ አሳየኋት።

«ጋሼ ሐምዳን፣ ለእሱ ነው የምታዘኝ?»

«አላዝሽም። እየለመንኩሽ ነው።»

ጥላኝ ወጣች። አትመለስም ብዬ ሌላ ቁስል ማሰር ጀመርኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሣጥኑን በብብቷ ይዛ መጣች፤ በኪሷ ኮምፓስ፣ የልብስ መርፌና ጥቁር ክር፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ስላ ያሾለችው ረጅም ሚስማር።

በመጀመሪያ ጠመንጃ ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ አለች። ታጣቂዎቹ አንወጣም አሉ። «እንግዲያስ አልነካውም» ብላ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። ባምላክ ራሱ ነው ያስወጣቸው። ቀጥሎ መርፌዋን ማግኔቱ ላይ አሻሽታ በክር አንጠለጠለቻትና ወደ ዓይኑ አስጠጋቻት። መርፌዋ ዝንብል አለች። «ብረት ነው» አለች። «መዳብ ወይም ድንጋይ ቢሆን አትዞርም ነበር።»

እኔ ሁሉንም ልቀቅል ውኃ አፍልቼ ነበር። ሚስማሩን ሰጠችኝ፤ ማግኔቱን ከለከለችኝ። «ይህኛው ሙቀት አይችልም። ከፈላ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ተመልሶም አይሞላም።» ማግኔቱን በንጹሕ ጓንት ጠቀለልነው፤ የሚስማሩን ራስ ከሥሩ አጣበቀች። ጉልበቱ በሹሉ ጫፍ በኩል እንዲወጣ ነው።

የማደንዘዣ ጠብታ ጨመርኩና የዓይኑን ቆብ ገልጬ ያዝኩ። ስንጣሪው በገባበት መንገድ መውጣት አለበት፤ በሌላ በኩል ከተሳበ ዓይኑን ይቀደዋል። ዳግማዊት ከርቀት ጀምራ በፀጉር ስፋት እየቀረበች መጣች። ስንጣሪው ሲነቃነቅ በዓይኔ አየሁት፤ አንዴ ቆም አለ። ከዚያ ዘለለ። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ሚስማሩ ጫፍ ላይ ጥቁር ነገር ተጣብቋል።

ባምላክ ያን ጊዜ ነው የጮኸው። ሰዎቹ በሩን ገንጥለው ገቡ፤ አንዱ አፈሙዙን ወደ አንገቷ አስጠጋ። «አርቀው! ይስበዋል!» ብላ ጮኸች። ማግኔቱ ወደ ጠመንጃው እጇን ይዞ ሲሄድ አየሁ። ወደ ደረቷ አቅፋ በጀርባዋ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ሚስማሩ ክንዷን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ጥይት አለመተኮሱ የአላህ ሥራ ነው።

ዓይኑን አሽጌ ሳልጨርስ ታጣቂዎቹ ደሳለን አንሥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ለዚህም አድርጊለት!»

ልጁ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ይጮኻል። ዳግማዊት ኮምፓሱን ሆዱ ላይ አዞረችው፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ማለት ነው?» አለ አንዱ።

«ጥይቱ እርሳስና መዳብ ሊሆን ይችላል፤ ማግኔት አይዘውም። ወይም ብረት ኖሮበት ጥልቅ ገብቶ ይሆናል።»

«ታዲያ ብረት ከሆነ አውጪዋ!»

«ብረት ቢሆንም አላወጣውም። አንጀቱን እየቀደደ ነው የሚመጣው። ቀዶ ጥገና ነው የሚያስፈልገው።»

«ጥርሷን ስለመታት ነው!» አለ ሌላው። እኔ በመካከል ስገባ ቆመጥ ጎኔ ላይ አረፈ፤ ሁለት የጎድን አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። እሷን በፀጉሯ ጎትተው ግድግዳው ላይ አጋጯት። ጠመንጃ ሲቀባበል መሬት ላይ ሆኜ ሰማሁ።

ባምላክ አንድ ዓይኑ ታሽጎ ከአልጋው ተነሣ። በፋሻ የታሰረች ጣቱን ወደ ላይ አነሣ። «ይህ ነገር ጣቴን ያደረገውን አይታችኋል። ሆዱ ውስጥ እንዲሁ እንዲሆን ነው የምትፈልጉት? ቃሬዛ አምጡ!»

ደሳለን ተሸክመው ወደ ሙጃ ወጡ። ወንዙ ሳይደርሱ ሞተ፤ በማግስቱ ሰማን። ባምላክም ከሰዎቹ ጋር ሄደ፤ ብርሃንና የሰው ቅርጽ በዚያ ዓይኑ ያያል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም።

በአሥር ቀኑ የሌላው ወገን ታጣቂዎች ከተማዋን ያዙ። እነሱ ደግሞ የጠላትን አለቃ ዓይን ያዳነች ሴት አለች ተብለው መጥተው ነበር። ከቤቷ አውጥተው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አንበረከኳት። ቀኝ እጇን ዴስክ ላይ አዘርግተው በወንበር እግር ሁለት ጊዜ መቱት። ማግኔቱን በመዶሻ ፈጩት፤ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነውና ወዲያው ደቀቀ። ስብርባሪው ግን መዶሻው ላይ እንደ መዥገር ተጣብቆ አልላቀቅ አላቸው፤ ሰውዬው እየተሳደበ መዶሻውን አጥሩ ላይ ወርውሮት ሄደ። ጩኸቷ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ቆጥ ሥር ተደብቄ ነበር። ይህን አልሸሽግም፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ። ሲሄዱ ወጥቼ እጇን በካርቶን ቁራጭ አሰርኩላት፤ ወደ ወልዲያ መንገድ እስኪከፈት ድረስ አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በግራ እጇ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ተለማምዳ ነበር። በሁለት ፈረቃ ታስተምራለች፤ ጣሪያው ገና በሸራ ነው።

ጥቅምት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው «ማግኔት ያላት ሴት የት ናት?» አሉኝ። ከሙጃ ነው የመጡት። አስቻለች ይባላሉ፤ የደሳለ እናት። ደነገጥኩ። ብቻቸውን ልልካቸው ፈርቼ አብሬ ሄድኩ። ዳግማዊት ግቢው ውስጥ ደብተር ታርም ነበር፤ ማን እንደሆኑ ስነግራት ተነሥታ ቆመች።

«ልጄ ተመቶ ሲመጣ ነበርሽ?»

«ነበርኩ፣ እማማ።»

«የአለቃውን ዓይን አዳንሽ፣ የልጄን ጥይት ተውሽው አሉኝ።»

«አዎን። ተውኩት።»

«ጥርስሽን ስለሰበረ ነው?»

«አይደለም። ማውጣት አይቻልም ነበር፤ ብሞክር እዚያው ጠረጴዛ ላይ በሥቃይ ይሞት ነበር። ነገር ግን ሲጮህ አላዘንኩለትም። ይህንንም ይወቁት።»

ሴትዮዋ በጥፊ መቷት። ጉንጯ ቀላ። ዳግማዊት እጇን ወደ ፊቷ እንኳ አላነሣችም። እኔ ልገባ ስል በዓይኗ ከለከለችኝ። ሁለተኛ ጥፊ ለመሰንዘር የተነሣው እጅ አየር ላይ ቆየና ወረደ፤ አስቻለች አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

«ምን እያለ ነበር የሚጮኸው?»

«እርስዎን ነበር የሚጠራው። ‹እምዬ› ነበር የሚለው።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ዳግማዊት ከጎናቸው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ጠረጴዛውን ማየት እፈልጋለሁ አሉ፤ ወሰድናቸው። እንጨቱን ዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ሳሙት። ብዙ ጊዜ ታጥቧል፣ ምንም አልነበረበትም።

የሙጃው አይሱዙ ጥሩምባ ሲነፋ ተነሡ። ዳግማዊት እስከ መኪናው ሸኘቻቸው። ሴትዮዋ ተደግፈው ከእህሉ ጆንያ ላይ ሲወጡ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አሏት። በሞተሩ ጩኸት አልሰማሁም፤ ስንመለስ ጠየቅኋት።

«ጉንጭሽን ቅቤ ቀቢው አሉኝ» አለች።